ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች የሚመች የሰፈር ዝግጅት፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ የሰፈር በዓል፣ ልደት፣ ምርቃት፣ የእድር ስብሰባ የምታዘጋጁ ሰዎች "ዝግጅታችሁ ለስሜት ሕዋሳት የሚመች ይሁን" ስላችሁ የምትጠይቁኝን አንድ ላይ ሰብስቤዋለሁ፤ የ13 ዓመት ልጄ ኦቲዝም (ከልጅነት ጀምሮ አንጎል በዙሪያው ያለውን ነገር ለየት ባለ መንገድ የሚቀበልበት ሁኔታ) አለበት፣ የማውቀውም አብዛኛው ከሱ ጋር በየድንኳኑና በየአዳራሹ ውዬ የተማርኩት ነው።

"ለስሜት ሕዋሳት የሚመች" ስትይ ምን ማለትሽ ነው?

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድምፅ፣ መብራት፣ ሽታ፣ ንክኪ፣ ግፊያ የሚሰማቸው እኛ በሚሰማን ልክ አይደለም፣ አንዱ ይበዛባቸዋል ሌላው ደሞ ያንሳቸዋል። እኔና እናንተ አዳራሽ ገብተን ትንሽ ከቆየን የመብራቱን ጥዝታ፣ የወንበሩን ሲጥ ሲጥ፣ ከኋላችን የሚያወሩትን ሰዎች ጆሯችን ራሱ ይተዋቸዋል፣ የልጄ ጆሮ ግን አይተውም፣ ሁሉም እኩል ይገባበታል። ቅብጠት ወይ የአስተዳደግ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆች 2013 ባሳተመው የምርመራ መመሪያ ላይ ይሄ ነገር ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

የሚመች ዝግጅት የምለው እንግዲህ እነዚህ ነገሮች ቀድሞ ታስቦባቸው የተቀነሱበትን፣ መቀነስ ካልተቻለ ደሞ ሰውዬው ወጣ ብሎ አርፎ መመለስ የሚችልበትን ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዘፈኑም ጭፈራውም ይኑር፣ ብቻ መውጣትና መመለሱ የማያሳፍር ይሁን።

ለአንድ ሁለት ልጅ ተብሎ ሁሉ ነገር ይቀየራል እንዴ?

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል። 200 አባወራ ያለው እድር ውሰዱ፣ በየቤቱ አራት አራት ሰው ብትሉ 800 ነው፣ በዚህ ሂሳብ ስድስት ሰው ይደርሳል። አላየናቸውም ትሉ ይሆናል፣ አዎ አላያችኋቸውም፣ ምክንያቱም ዝግጅት ሲኖር ብዙዎቹ ቤት ይቀራሉ፣ አብሯቸውም አንድ ሰው ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ እናት ወይ አያት ወይ ትልቅ እህት። እኔ ራሴ የእህቴን ልጅ ሰርግ ያየሁት በስልክ ቪዲዮ ነው።

ደሞ የሚጠቀሙት እነሱ ብቻ አይደሉም። ሞንታርቦው ሲቀነስ ራስ ምታት የሚያስቸግራት ጎረቤት፣ ጨቅላ የያዘች እናት፣ ከጎናቸው ካለ ሰው ጋር ማውራት ያቃታቸው ሽማግሌ ሁሉ ነው የሚመርቃችሁ።

ገንዘብ ያስወጣል?

እምብዛም። አብዛኛው ሥራ መቀነስ ነው፣ ርችቱን መተው፣ ፊኛውን መተው፣ አራት የነበረውን ስፒከር ሁለት ማድረግ፣ እንደውም ይቆጥብላችኋል። የምትገዙት ነገር ቢኖር የጆሮ መከላከያ ነው፣ ለግንባታ ሠራተኛ ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይገኛል፣ ሁለት ሦስት ገዝታችሁ የእድሩ እቃ ቤት ካስቀመጣችሁት ለዓመታት ያገለግላል።

ቦታ ስንመርጥ ምን ምኑን እንይ?

አዳራሹ ባዶውን እያለ ሂዱና መሃሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ግድግዳ መቶ ከተመለሰ፣ ሰው ሲሞላው የሚኖረውን ጫጫታ አስቡት። እንደዛ ከሆነ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ማድረግ ብዙ ይለውጠዋል። ጣሪያውንም እዩ። ቆርቆሮ ከሆነና ወሩ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ከሆነ፣ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ሲወርድ ማይክሮፎን እንኳን አያሸንፈውም፣ ልጄ አንዴ እንደዛ ያለ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ስር ገብቶ አርባ ደቂቃ አልወጣም።

ሁለተኛው በር ነው። አንድ በር ብቻ ያለው አዳራሽ አልወድም፣ የኛ ሰው ደሞ በር ላይ ቆሞ ማውራት ይወዳል፣ መውጣት የፈለገ ልጅ ሃያ ሰው እየገፋ ነው የሚወጣው። የጓሮ በር ካለ አስከፍቱት። አጥርና የሚዘጋ የግቢ በር ይኑር፣ በተለይ እንደ ፒያሳና ሜክሲኮ ያለ መኪናና ክላክስ የማያቋርጥበት መንገድ ዳር ከሆነ።

ገላጣ ቦታ ጥሩ ነው፣ እንደ ወዳጅነት ፓርክ ያለ ሰፊ ግቢ በጠዋት ሰው ሳይበዛ ለብዙ ልጆች ይስማማል። ክፍት ቦታ ላይ ከስፒከሩ ያላችሁ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ግድግዳው ስለሚመልሰው መራቁ ያን ያህል አያድናችሁም።

የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው፣ ሰው ሳይደክመው፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ግን ከሰዓቱ ምርጫ ይልቅ የተባለው ሰዓት መከበሩ ነው ዋናው። እኛ 3 ሰዓት ብለን 5 ሰዓት መጀመር ለምዶብናል፣ ልጄ ግን ከሳምንት በፊት ጀምሮ "ቅዳሜ 3 ሰዓት" እያለ ነው የሚኖረው፣ 3 ሰዓት ሆኖ ምንም ካልተጀመረ ለሱ ዝግጅቱ ተበላሽቷል። የክብር እንግዳ እስኪመጡ እየተባለ ሰው ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ነገር፣ እውነት ለመናገር ለማንም አይበጅም። እንግዳው ሲደርሱ ይናገራሉ፣ ፕሮግራሙ ይጀመር።

ሙዚቃው ምን ያህል ይሁን? ማጥፋት አለብን?

አታጥፉት። ልጄ ሙዚቃ ይወዳል፣ ብዙዎቹም ይወዳሉ። እንደ መለኪያ የምጠቀመው ይሄን ነው፣ ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ሰው ሳይጮህ ማውራት ይችላል ወይ? ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭናችሁ 70 አካባቢ ብታቆሙት ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2022 ለኮንሰርትና ለጭፈራ ቤቶች ባወጣው መስፈርት አማካዩ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ ብሏል፣ እሱ ግን የማንንም ጆሮ ከመጎዳት ለማዳን የተቀመጠ ጣሪያ ነው፣ ለእኛ በጣም ከፍ ይላል።

ከመጠኑ በላይ የሚያስቸግረው ድንገት መምጣቱ ነው። የማይክሮፎን ጩኸት፣ የፊኛ መፈንዳት፣ ሳይታሰብ የሚነሳ እልልታ። ማይክሮፎኑን ሰው ከመግባቱ በፊት ሞክሩት። ኬክ ሲቆረስ እልል ሊባል ከሆነ መድረክ የሚመራው ሰው "አሁን እልል ልንል ነው" ይበል፣ ያቺ አምስት ሰከንድ ለእኔ ልጅ ጆሮውን ለመሸፈን ትበቃዋለች። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳም እንደዛው ነው፣ ጀነሬተሩ ከግድግዳ ጀርባ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ይናገር፣ እስከዛው ጨለማ እንዳይሆን ቻርጅ የሚደረግ መብራት ይዘጋጅ።

አንድ ጊዜ ለኦቲዝም ቀን ተብሎ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ከሞንታርቦው ሦስት ሜትር ርቀት አስቀምጠውናል። ከነልጆቻችን የመጣን እናቶች ሁሉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን ወጣን፣ ወንበሩ ባዶ ቀረ፣ ሙዚቃው ግን ቀጠለ። ያዘጋጁት ሰዎች ልባቸው ደግ ነበር፣ ብቻ ቀድሞ የጠየቀን አልነበረም።

መብራትና ሽታስ?

ረጅሙ ነጭ የፍሎረሰንት መብራት የድሮው ዓይነት ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚርገበገበው፣ ብዙዎቻችን አናየውም፣ አንዳንዱ ሰው ግን ያየዋል ወይ ጥዝታውን ይሰማል። ቀን ከሆነ አጥፉትና መጋረጃውን ክፈቱ። የቪዲዮ ካሜራማኑ ትልቁን መብራት ሰው ፊት ላይ እንዳያበራ ቀድማችሁ ንገሩት፣ በኛ ሰርግ እሱ ነው ሰው የሚያሳውረው። የዲጄው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ግን ጨርሶ አይኑር፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው በበለጠ ያጋጥማል፣ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ደሞ አንዳንዱን ሰው ሊጥለው ይችላል።

ሽታን በተመለከተ ቡናው ይፈላ፣ እጣኑም ይጨስ፣ ግን መስኮት ዳር ወይ በረንዳ ላይ ይሁን። ቁሌቱ ከአዳራሹ ጀርባ ከሆነ ነፋሱ ወዴት እንደሚነዳው እዩ። ሽቶ የሚያበዙ ዘመዶችን ምንም ማድረግ አልቻልኩም፣ በግልጽ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ ይገባቸዋል።

የማረፊያ ጥግ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

ትንሽ ክፍል ካለ ክፍል፣ ከሌለ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ በመጋረጃ የተከለለ ቦታ። የኛ ጥግ ይሄን ይመስላል፦ መሬት ላይ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ትራስ፣ ወፍራም ጋቢ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የጆሮ መከላከያዎቹ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ደረቅ ባቄላ። ባቄላው እጅ መክተቻ ነው፣ ልጄ ሁለቱን እጁን እስከ አንጓው ይከታል፣ ቀስ ብሎ ያወጣል፣ ባቄላው በጣቶቹ መሃል ሲወርድ ያያል፣ እንደገና ይከታል። ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት ግን አጠገባቸው ሰው ይኑር። ጋቢውን ደሞ አራት አጥፌ ትከሻው ላይ ሳደርግለት ክብደቱ ያረጋጋዋል፣ ትንፋሹ ሲረዝም ይሰማኛል። ሁሉም ልጅ ግን መጠቅለል አይወድም፣ ጋቢው እዛ ይቀመጥ፣ የፈለገ ያንሳው።

አንድ ነገር አደራ፣ ጥጉ የእቃ ማስቀመጫ፣ የካፖርት መስቀያ ወይ የሕፃናት ዳይፐር መቀየሪያ እንዳይሆን። መቅጫም አይሁን። "ካልተቀመጥክ እዛ ነው የምወስድህ" ከተባለ አንዴ፣ ልጁ ሁለተኛ አይገባበትም። አዋቂም ይግባበት፣ እኔም አንዳንዴ እገባለሁ።

ለወላጆች አስቀድመን ምን እንላክ?

ፎቶ። ከሦስት ቀን በፊት የግቢውን በር፣ አዳራሹን፣ ሽንት ቤቱን፣ የማረፊያ ጥጉን፣ በር ላይ የሚቀበለውን ሰው ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩ፣ ከየፎቶው ስር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፦ "በዚህ እንገባለን"፣ "እዚህ ኬክ ይቆረሳል"፣ "ከደከመኝ እዚህ አርፋለሁ"። እኔ ማታ ማታ ከልጄ ጋር እናያቸዋለን፣ በቀኑ ቦታው ለሱ አዲስ አይሆንበትም። ፕሮግራሙንም ላኩ፣ መቼ እንደሚያልቅ ጭምር። ከተቀየረ መቀየሩን ላኩ።

የሐኪም ወረቀት ግን አትጠይቁ። በኛ ከተማ ምርመራ የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ስንትና ስንት ቤተሰብ ልጁ ምን እንደሆነ በስም ሳያውቅ ነው የሚኖረው፣ ያወቀውም ለሰው መናገር የሚፈራ አለ። "ልጃችሁ ኦቲዝም አለበት?" ከማለት "እንዲመቻችሁ ምን እናድርግ?" ብትሉ ለሁሉም ሰው የምትጠይቁት ጥያቄ ይሆናል፣ ማንም አይሸማቀቅም።

ጉርሻ፣ መሳም፣ ፍተሻ፤ እነዚህን እንዴት እናድርግ?

ይሄ ከሁሉም ይከብዳል ምክንያቱም ፍቅራችን የሚገለጸው በእጅ ነው። አክስት ትመጣለች፣ ጉንጩን ይዛ ሦስት ጊዜ ትስማለች፣ ጋሼ ፀጉሩን ያሻሻሉታል፣ ሌላዋ ወጥ የነካ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ላይ ታደርሳለች። ለልጄ ይሄ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ሲመጣ ዝናብ ሳይሆን ጎርፍ ነው። የእንጀራው እርጥበት፣ የሰው ጣት ከንፈር መንካቱ፣ ለሱ ሁለቱም የሚያስጨንቁ ናቸው። እምቢ ሲል ደሞ "ተናቅኩ" የሚል ሰው አይጠፋም።

እኔ የማደርገው ቀድሜ መናገር ነው፣ ለትልልቅ ሰዎች በአክብሮት፦ "እትዬ፣ እሱ በእጅ ሰላምታ ነው የሚወደው፣ እጅዎን ዘርግተው ይጠብቁት፣ ራሱ ይመጣል።" ራሱ ሲመጣ ደስታቸው ከመሳሙ ይበልጣል፣ አይቻለሁ። ጉርሻው በሳህን ይቅረብለት፣ ምግቡንም ከቤት ይዞ ቢመጣ አትቀየሙ፣ ብዙዎቹ የሚበሉት አምስት ስድስት ዓይነት ነገር ብቻ ነው። እናት ይዛ የመጣችውን ደረቅ ፓስታ "የኛ ምግብ ምን ሆኖ?" አትበሏት። ቲሸርት ካሠራችሁም ግዴታ አታድርጉት፣ አንገቱ ላይ ያለችው መለያ ጨርቅ ብቻዋን ቀኑን ታበላሻለች።

ፍተሻ በየበሩ ስላለ፣ ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ አናግሩ። ከመንካታቸው በፊት ይናገሩ፣ ከኋላ አይጀምሩ፣ ከተቻለ በመሣሪያው ብቻ ይለፍ፣ ወላጁ ቀድሞ ሲፈተሽ ልጁ ይይ። በእጁ የያዘውን ነገር፣ ክር ይሁን የጠርሙስ ክዳን፣ አይቀሙት፣ እሱን ይዞ ነው የተረጋጋው።

መሃል ላይ ቢጮህ፣ ራሱን ቢመታ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የማታደርጉትን ልንገራችሁ፦ አትክበቡ። የኛ ሰው ሲያዝን ይሰበሰባል፣ አንዱ "ውሃ እርጩበት" ይላል፣ አንዱ "ጠበል ይሻለዋል" ይላል፣ አንዱ "ቆንጥጪው" ይላል፣ ሁሉም አዝኖ ነው፣ ልጁ ግን የሚያየው ሃያ ፊት ነው። ይሄ አንድ ነገር ለማግኘት ብሎ የሚያለቅስ ልጅ አይደለም፣ አቅሙ ያለቀበት ልጅ ነው፣ ብትሰጡትም ብትቆጡትም አያቆምም።

ሙዚቃውን ቀንሱ፣ ሰውን ወደ ሌላ ቦታ አንቀሳቅሱ፣ ጭንቅላቱ አጠገብ ያለውን ወንበርና ብርጭቆ አንሱ፣ ከዛ አንድ የሚያውቀው ሰው ብቻ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ብዙ ሳይናገር። ጥያቄ አትደርድሩበት። አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። እናትየውን "ምን ሆነ?" ከማለት "ምን ልያዝልሽ?" በሏት፣ ቦርሳዋንና ሌላኛውን ልጇን መያዝ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ካለ በትህትና አስቀምጥ በሉት፣ የአንድ ልጅ ክፉ ቀን ቲክቶክ ላይ ከወጣ ማንም አይመልሰውም።

ከወደቀና ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ስር ለስለስ ያለ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽቱት፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ጋ ደውሉ።

ከግቢው ወጥቶ ቢጠፋስ?

ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው በር ላይ ይመደብ፣ ሥራው እሱ ብቻ ይሁን፣ ካርድም አይቁረጥ ወንበርም አያድል። ሲመጡ የወላጁን ስልክና ልጁ የለበሰውን ልብስ ይመዝግብ። ከጠፋ ቀድማችሁ መንገዱንና ውሃ ያለበትን ቦታ ፈልጉ፣ ጉድጓድ፣ ፏፏቴ፣ ወንዝ፣ ብዙዎቹን ውሃ ይስባቸዋል። ስሙን እየጮሁ መሮጥ ሊያስደነግጠው ይችላል፣ የሚወደውን ዘፈን በስልክ ከፍቶ መሄድ ለኛ አንድ ጊዜ ሠርቷል።

አዋቂ ከሆነስ?

የዛሬ ልጅ ነገ አዋቂ ነው፣ ዝግጅቱን ሁሉ በፊኛና በካርቱን አትሙሉት። 28 ዓመት የሞላውን ወጣት "ማሙሽ" አትበሉት። እህቱ አብራው ብትመጣም "ሻይ ይጠጣል ወይ?" ብላችሁ እሷን ከመጠየቅ ራሱን ጠይቁት፣ ዓይናችሁን ባያይም ይሰማል፣ መልሱ ቢዘገይም ጠብቁት። መናገር የማይችል ከሆነ ሻይና ውሃ ይዛችሁ አሳዩት፣ ይጠቁማል።

ደመራ፣ ጥምቀት፣ ቡሄ የመሳሰሉት ትልልቅ በዓላት ላይ ምን ይደረጋል?

መስቀል አደባባይ መስከረም 16 ወይ ጃንሜዳ ጥር 11 የሚሰበሰበውን ሕዝብ ማንም ጸጥ ሊያሰኝ አይችልም፣ አይገባምም። እዛ የሚደረገው ቦታ መምረጥ ነው፣ ጠርዝ ላይ፣ መውጫው አጠገብ፣ ሕዝቡ ሳይበዛ ቀደም ብሎ አይቶ መመለስ። ለደመራ ደሞ በየሰፈሩ የሚለኮሰው ትንሹ ደመራ አለ፣ ሰላሳ አርባ ሰው ነው የሚሆነው፣ ልጄ ችቦ ሲነድ ያየው እዛ ነው፣ እሳቱን ከሩቅ እያየ እጁን እያወናጨፈ፣ ደስ ሲለው እንደዛ ያደርጋል።

ቡሄ ግን ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር። ልጆቹ ሳይታሰብ የብረት በሩ ስር ቆመው ዱላቸውን ሲወቅጡት ልጄ አልጋ ስር ይገባል። አንድ ዓመት አውጪውን ጠራሁትና ነገርኩት፣ 14 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዝም ብሎ ሰማኝና "በስንት ሰዓት እንምጣ?" አለኝ። 12 ሰዓት ተኩል አልኩት። በሰዓቱ መጡ፣ ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ከበሩ አምስት እርምጃ ርቀው በጭብጨባ ብቻ ሆያ ሆዬ አሉ፣ እንደ እሹሩሩ ለስለስ አድርገው። ልጄ መጀመሪያ በመስኮት አየ፣ ከዛ በረንዳ ወጣ፣ ሙልሙሉን ራሱ ሰጣቸው። ከዛ ወዲህ በየዓመቱ 12 ሰዓት ተኩል ይመጣሉ፣ አውጪው ተቀይሯል፣ ሰዓቱ ግን አልተቀየረም።

ለቅሶ ላይስ?

ሐዘንተኛን አታልቅስ አይባልም፣ ስለዚህ የሚስተካከለው የልጁ አካሄድ ነው። አያቱ ከሞቱ መሰናበት መብቱ ነው፣ ደብቆ ማስቀረት ጥያቄውን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ድንኳኑ በሚረጋጋበት ሰዓት፣ ሰው ባነሰበት፣ ለአስራ አምስት ደቂቃ ይምጣ። ሰዎች እንደሚያለቅሱ፣ ጥቁር እንደሚለብሱ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቢስቅ ወይ አንድ ቃል እየደጋገመ ቢናገር ሐዘኑ የለም ማለት አይደለም፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ይሄን ለሰው ቢያስረዱ ለቤተሰቡ ከባድ ሸክም ነው የሚያነሱለት።

አንዱ ጸጥታ ሌላው ጩኸት ቢፈልግ ማንን እናስደስት?

ይሄ ሁሌ ያጋጥማል። የጎረቤቴ ልጅ ኦቲዝም አለባት፣ እሷ ሞንታርቦው ላይ እጇን አድርጋ ንዝረቱን ካልሰማች አትረጋጋም፣ የኔው ደሞ ይሸሻል። ሁለቱን በአንድ ወንበር ማስማማት አይቻልም፣ ቦታውን መከፋፈል ግን ይቻላል፣ ስፒከሩ አንድ ዳር፣ ማረፊያው ሌላ ዳር፣ መሃሉ መካከለኛ። ወይ በሰዓት ክፈሉት፣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ረጋ ያለ፣ ከዛ ጭፈራው፣ ሁለቱም አስቀድሞ ይነገር።

መብራት ላይም እንደዛ ነው። መስማት የተሳነው እንግዳ ካለ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ላይ ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አዳራሹን በሙሉ አታጨልሙ፣ እሱ ላይ ይብራ ሌላው ይደብዝዝ። ሁሉንም የሚያስደስት አንድ ቁጥር የለም፣ ሰዎቹን ጠይቁ፣ ካልተስማማ እዛው አስተካክሉ።

ለብቻቸው ቀን ብናዘጋጅላቸው አይሻልም?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ቤተሰብ የብቻ ቀን ጥሩ መለማመጃ ነው። ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ በፈረንጆች 2011 ለኦቲዝም ተስማሚ የሆነ የቴአትር ትዕይንት ሲጀመር ያው የተለመደው ትዕይንት ነው የቀረበው፣ ድምፅና ብልጭታው ተቀንሶ፣ አዳራሹ ሳይጨልም፣ መነሳትና መናገር ተፈቅዶ። እዚህም ብሔራዊ ቴአትር ወይ ሀገር ፍቅር እንደዛ ያለ አንድ የቅዳሜ ጠዋት ቢኖር እኔ የመጀመሪያዋ ተሰላፊ ነኝ።

ግን በዓመት አንዴ፣ በዓለም የኦቲዝም ቀን መጋቢት 24፣ ጠርቶ ሌላውን ቀን መርሳት አይሆንም። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች እኩል የመሳተፍ መብትን ያስቀምጣል፣ ከሌሎች ጋር ነው የሚለው። ልጄ የሚፈልገው የእህቱ ምርቃት ላይ መገኘት ነው። ዝግጅታችሁን ቀድሞ የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ወላጆችን ጠይቁ፣ ዘሚ የኑስ በፈረንጆች 2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ደሞ ለዓመታት እዚሁ አዲስ አበባ የሠሩ ናቸው።

ሁሉን አዘጋጅተን ማንም ባይመጣስ?

መጀመሪያ ላይ ላይመጣ ይችላል። እነዚህ ቤተሰቦች ስንት ጊዜ "ልጅሽን ያዢ" ተብለዋል፣ ስንት ጊዜ ሰው ዞሮ አይቷቸዋል፣ በአንድ የቴሌግራም መልእክት ያ አይረሳም። ጥጉን አታፍርሱት፣ ፎቶውን በሚቀጥለውም ዝግጅት ላኩ፣ ያልመጣውን "ለምን ቀራችሁ?" አትበሉት።

አምና በእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ አንድ አባት ልጁን ይዞ በጓሮው በር በኩል መጣ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ገባ ሳይሉ ውጭ ቆመው አዩንና ሄዱ። እኔም ከሩቅ እጄን ከማንሳት በቀር አልተጠጋሁም። ዘንድሮ ሳምንት ሲቀረው ደወለልኝ፣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያ የጓሮ በር ዘንድሮም ይከፈታል ወይ አለኝ። ይከፈታል አልኩት።